ናሙናው ሲናገር

በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ በዚህ መድረክ ላይ ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ግድብ ደለል ለመናገር ነበር። ስለ ደለል የምናገረው አላጣም፤ የዕለት እንጀራዬ እሱ ነውና። ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ በሕመሜ ወራት ደብዳቤ ሳያቋርጥብኝ የቆየ ወዳጄ፣ «ስለ ደለል ከሌላም ሰው እንሰማለን፤ አንተ ስለ ደምህ ንገረን» አለኝ። በእኛ ዘንድ ስለ ራስ ሕመም በአደባባይ መናገር እንደ ነውር እንደሚቈጠር አላጣሁትም። ሆኖም ነገሩ ከሙያችን ጋር የሚያገናኘው አንድ ቁም ነገር ስላገኘሁበት እሺ ብዬ በፊታችሁ ቆሜአለሁ።

ሕመሙ አፕላስቲክ አኒሚያ ይባላል። በአውሮፓ በያመቱ ከአንድ ሚሊዮን ሰዎች ሁለት ያህሉን የሚይዝ፣ በሩቅ ምሥራቅ አገሮች ከዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚበዛ፣ ብርቅ በሽታ ነው። በመጀመሪያ በጽሑፍ ያስታወቀው ጀርመናዊው ሐኪም ጳውል ኤርሊክ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1888 ነበር።

ምንነቱን ለመሐንዲስ ማስረዳት እምብዛም አያስቸግርም። በአጥንታችን ውስጥ ያለው መቅኔ የደም ምንጭ ነው፤ በጤነኛ ሰው በቀን ሁለት መቶ ቢሊዮን ያህል ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈልቃል። ከዚህ ምንጭ የሚቀዱ ሦስት ማጠራቀሚያዎች አሉ እንበል። አንደኛው በሽታን የሚከላከሉት ነጭ ሕዋሳት፣ ሁለተኛው ደምን የሚያረጉት ፕላትሌቶች፣ ሦስተኛው ኦክሲጅን ተሸካሚዎቹ ቀይ ሕዋሳት ናቸው። ከሦስቱም የሚወጣው ፍሰት አይቋረጥም፤ ልዩነቱ በቆይታቸው ላይ ነው። ከነጮቹ ዋነኞቹ በደም ውስጥ የሚቆዩት ከአንድ ቀን አይበልጥም፤ ፕላትሌት ከስምንት እስከ ዐሥር ቀን ይቆያል፤ ቀይ ሕዋስ ግን 120 ቀን ያህል ይኖራል። እንግዲህ ምንጩ ቢደርቅ የትኛው ማጠራቀሚያ ቀድሞ እንደሚጎድል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ሰውየው «ደከመኝ» ብሎ ሐኪም ዘንድ በሚቀርብበት ጊዜ ሁለቱ ቀደም ብለው ባዶ ሆነዋል።

በእኔም የሆነው ይኸው ነው። በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በኔዘርላንድ አገር በዴልፍት ከተማ ለሁለተኛ ዲግሪ የውኃ ምሕንድስና በመማር ላይ ሳለሁ፣ ከማደሪያዬ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን ዐሥር ደቂቃ የማይሞላ መንገድ በብስክሌት መሄድ አቃተኝ። ነፋሱ ነው አልሁ። አገሩ ዳገት የለውም፤ በዳገት ፈንታ ነፋስ አለው። በእንጦጦ ግርጌ ያደግሁ ሰው በሜዳ ላይ ሳለከልክ አፍሬ እንደነበር አስታውሳለሁ። ቀጥሎ ጥርሴን በተፋቅሁ ቍጥር ድዴ ይደማ ጀመር፤ ቀጥሎም ክንዴና ጭኔ ማንም ሳይመታኝ በለዘ። ደሜ በተመረመረበት ቀን ፕላትሌቴ በአንድ ማይክሮሊትር 6,000 ሆኖ ተገኘ። የጤነኛ ሰው ከ150,000 ይጀምራል። በዚያው ምሽት ሆስፒታል ገባሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከዳሌ አጥንቴ መቅኔ በመርፌ ተወሰደ፤ ሐኪሟ ምስሉን ሲያሳዩኝም በሕዋስ ሊሞላ የሚገባው ስፍራ በስብ ተሞልቶ አየሁት። ሰው ለቆ የወጣበት ቤት ይመስል ነበር።

ከምን እንደመጣብኝ ለማወቅ ብዙ ተጠየቅሁ። በልጅነቴ ክሎራምፌኒኮል የተባለውን መድኃኒት ወስጄ እንደሆነ፣ ስሙ ከመኪና ነዳጅ ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ከሆነው ቤንዚን ከተባለው ኬሚካል ጋር ሠርቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ቀደም ሁለት ዓመት ያህል በመንገድ ሥራ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሬንጅ በማሟሟት ሠርቼ ስለነበር፣ ጥፋቱን በዚያ ላይ ለመጣል የቸኰልሁት እኔ ራሴ ነበርሁ። ነገር ግን በአብዛኞቹ በሽተኞች ዘንድ የመነሻው ምክንያት አይገኝም፤ በእኔም አልተገኘም። የሚታወቀው፣ የሰውነት የመከላከያ ኃይል ክፍል የሆኑት ሊምፎሳይቶች ተሳስተው የገዛ መቅኔአችንን እናት ሕዋሳት ማጥቃታቸው ነው። ዘበኛ የቤቱን ጌታ ሌባ ነው ብሎ እንደ መደብደብ ያለ ነው።

ለሕክምናው ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የሌላ ሰው መቅኔ መቀበል ነው። ከአንድ እናትና አባት የተወለደ ወንድም ወይም እኅት የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ሁለቱ እኅቶቼ የደማቸው ናሙና ከአዲስ አበባ ተልኮ ተመረመረ፤ ሁለቱም አልገጠሙም። ታናሽ እኅቴ ይህን በሰማች ጊዜ በስልክ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ምን ብዬ እንደምመልስላት ጠፋኝ። በፈቃዳቸው ከተመዘገቡ ባዕዳን ለጋሾች መካከል መፈለግም ይቻላል፤ ዳሩ ግን በመዝገቡ ውስጥ የእኛ ሰው ጥቂት ነው። የአሜሪካን መዝገብ መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የአውሮፓ ዘር ያለው በሽተኛ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ ከ100 75 ሲሆን፣ ለጥቁሩ በሽተኛ ከ20 በታች ነው። ለእኔም ተፈልጎ አልተገኘም።

ሁለተኛው መንገድ የተሳሳተውን ዘበኛ ማስተኛት ነው። ይህ የተገኘው በአጋጣሚ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ጆርጅ ማቴ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ በሽተኞችን ለመቅኔ ዝውውር ለማዘጋጀት ከፈረስ ደም የተዘጋጀ ጸረ ሊምፎሳይት ሴረም ሰጡ። የተዛወረው መቅኔ ሳይዝ ቀረ፤ የበሽተኞቹ የራሳቸው መቅኔ ግን ያንሠራራ ጀመር። ከዚያ ወዲህ የፈረሱ ሴረም፣ በኋላም ሳይክሎስፖሪን የተባለ መድኃኒት ተጨምሮበት፣ የተለመደ ሕክምና ሆኗል።

በዚያ ጊዜ በስድስት የአውሮፓ አገሮች አንድ ሙከራ በመካሄድ ላይ ነበር። ጥያቄው አጭር ነው፤ በዚህ በተለመደው ሕክምና ላይ እናት ሕዋሳት እንዲባዙ የሚቀሰቅስ ኤልትሮምቦፓግ የተባለ ክኒን ቢጨመርበት ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? ማን ከክኒኑ ጋር፣ ማን ያለ ክኒኑ እንደሚታከም የሚወስነው ዕጣ ነው። ሐኪሟ ይህን አስረድተው ልገባበት እወድ እንደሆነ ጠየቁኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ዕጣ የሚለውን ቃል ስሰማ ደሜ ፈላ፤ የቀረኝ ደም ማለቴ ነው። በሕይወቴ የማውቀው ዕጣ የዕቁብና በ2005 ዓ.ም. የተመዘገብሁበት የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነበር፤ የኋለኛው እስከ ዛሬም አልደረሰኝም። «ለራስዎ ቢሆን የትኛውን ይመርጡ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሐኪሟ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ባውቀው ኖሮ ዕጣ ማውጣቱ ወንጀል ይሆንብኝ ነበር» አሉኝ። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ከተሰጠኝ ወፍራም ሰነድ ሁሉ በለጠችብኝ።

በዚያች ሌሊት ሳስብ ያደርሁት ስለ ኪዩብ ነው። ኮንክሪት በሚሞላበት ቀን ናሙና ተወስዶ በኪዩብ ይሞላል፤ 28 ቀን ውኃ ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያም በመጭመቂያው መኪና ይሰበራል። አሁን ደግሞ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምናወራውን ጮክ ብዬ ልናገር። ናሙናውን የሚመርጠው ሥራ ተቋራጩ በሆነ ጊዜ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ሲሚንቶው በርከት ያለበት አንድ ልዩ ባሬላ ይዘጋጅና ኪዩቡ ከዚያ ይሞላል። ውጤቱ ያማረ ይሆናል፤ ምሶሶው ግን ከዚያ ባሬላ አልተሞላም። ተቋራጭ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለቴ አይደለም። ሥራው እንዲሠምርለት የሚወድ ሰው ሳይታወቀውም እጁ ወደ ጥሩው ባሬላ ያዘነብላል። ሐኪምም ሰው ነው። አዲሱን መድኃኒት ለማን እንደሚሰጥ እሱ ቢመርጥ፣ ከርኅራኄ የተነሣ በጣም ለጠናበት፣ ወይም ከተስፋ የተነሣ ለወጣቱና ለብርቱው ይሰጠዋል፤ በመጨረሻም የተለካው መድኃኒቱ ይሁን የሐኪሙ ምርጫ ማንም ሊለየው አይችልም። ጭካኔ መስሎ የታየኝ ዕጣ እጅን ከባሬላው ላይ ማንሣት ብቻ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ታሪክ በዚሁ በሽታ ላይ አለ። ቀደም ብዬ የጠቀስሁት ሴረም ከጥንቸልም ይዘጋጃል። የጥንቸሉ ሊምፎሳይትን በመደምሰስ ረገድ ከፈረሱ የበረታ በመሆኑ የተሻለ ውጤት ይጠበቅበት ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሐኪሞች 120 በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው አወዳደሩና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳተሙ። በስድስተኛው ወር ላይ ከፈረሱ ወገን ከ100 68፣ ከጥንቸሉ ወገን 37 ብቻ ደማቸው ተሻሽሎ ተገኘ። ሦስት ዓመት በሕይወት የመቆየቱም መጠን ከ100 96 እና 76 ነበር። ብርቱ የተባለው ደካማ ሆነ ማለት ነው። ያ ዕጣ ባይወጣ ኖሮ በቅን ልቡና የጥንቸሉን የሚሰጥ ሐኪም ዛሬም በበዛ ነበር።

ይሁን እንጂ ሰው ኪዩብ አይደለም። እናቴ ወሬውን በሰማች ጊዜ «በሰው አገር አይጥ አደረጉህ?» ብላ አለቀሰች። ፍርሃቷን አላቃለልሁባትም። በአሜሪካ አገር በተስኪጊ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ሰዎች፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም እንኳ፣ የበሽታው መጨረሻ እንዲታይባቸው ሲባል ሳይነገራቸው ያለ መድኃኒት ተትተዋል። እነሱ በእርግጥ ኪዩብ ተደርገው ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ከተማ በዓለም ሐኪሞች ማኅበር የወጣው መግለጫ ለሙከራ የሚገባውን ሰው መብት በጽሑፍ አስፍሯል። ለእኔም የተነገረኝ ይኸው ነበር፤ የፈለግሁትን መጠየቅ፣ ምክንያት ሳልሰጥ በማናቸውም ቀን ወጥቼ መሄድ፣ በመውጣቴም ሕክምና አለመከልከል። ኪዩብ አይጠይቅም፤ ከመጭመቂያውም ተነሥቶ አይሄድም።

ከእናቴ ፍርሃት በተቃራኒው ያለውን ስሕተት የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ሰነዱ በግልጽ፣ «ከዚህ ሙከራ እርስዎ ጥቅም ላያገኙ ይችላሉ» ይላል። አነበብሁት፤ ፈረምሁበት፤ ግን አላመንሁትም። በልቤ ነገሩ ሁሉ እኔን ለማዳን የተዘጋጀ አድርጌ ይዤው ነበር። ሙከራ ግን የተዘጋጀው አንድ ነገር ለማወቅ ነው። በመንገዱ ላይ እኔ ብድን ሁሉም ደስ ይላቸዋል፤ ባልድንም ግን ሙከራው አልከሸፈም። ይህን ሳይቀበሉ መፈረም መዘዝ እንዳለው ያወቅሁት ዕጣው በወጣ ማግሥት ነው።

የእኔ ያለ ክኒኑ ወጣ።

ሴረሙ ለአራት ቀን በደም ሥሬ ተሰጠኝ። የመጀመሪያው ቀን ትኵሳትና ብርድ አልጋዬን እስኪያንቀሳቅሰው ድረስ አንዘፈዘፈኝ፤ በዐሥረኛው ቀን ደግሞ ሰውነቴ ለባዕዱ የፈረስ ሴረም መልስ ሰጥቶ መገጣጠሚያዬ ሁሉ አበጠ። ከእኔ ትይዩ የተኙት አንድ አዛውንት የመርከብ አናጢ ነበሩ። እሳቸው ክኒኑ የደረሳቸው ናቸው። ክኒኑ ከወተትና ከዐይብ ጋር ከተገናኘ ስለማይሠራ፣ ከመዋጡ በፊትና በኋላ ለሰዓታት እነዚህን መቅመስ ክልክል ነው። ለሆላንዳዊ ያለ ዐይብ ማንጋት ምን ያህል ቅጣት እንደሆነ እዚያ የኖረ ያውቀዋል። «አንተ ዕድለኛ ነህ፤ ዐይብህን ብላ» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን በየማለዳው በክኒናቸው ላይ ዐይኔን እተክል ነበር። ቅናት መሆኑን አልክድም። በሦስተኛው ወር፣ ነጭ ሕዋሳታቸው ከማንሠራራታቸው በፊት፣ ሳንባቸው ውስጥ ሻጋታ ገብቶ ሞቱ። አልጋው ሁለት ቀን ባዶውን ቆየ።

በስድስተኛው ወር ፕላትሌቴ 11,000 ነበር፤ እሱም የሰው ደም እየተጨመረልኝ ነው። በሙከራው መዝገብ ላይ «መልስ አልተገኘም» ተብሎ ተጻፈልኝ። ከዚህ በኋላ ከሙከራው ውጭ፣ በመደበኛው ፈቃድ፣ ያንኑ ክኒን ጀመርሁ፤ የመጀመሪያው ሕክምና ላልሠራላቸው በሽተኞች በአውሮፓ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተፈቀደ ነበርና። ፈቃዱ የተገኘው ከምን እንደሆነ ያን ጊዜ ፈልጌ አነበብሁ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የ25 ሰዎች ሙከራ ነው። ሁሉም እንደ እኔ ሴረሙ ያልሠራላቸው ነበሩ። ዐሥራ አንዱ ደማቸው ተሻሻለ፤ ዐሥራ አራቱ ምንም አላገኙም። ከዐሥራ አንዱ ይልቅ እስከ ዛሬ የማስበው ዐሥራ አራቱን ነው። ውጤታቸው አብሮ ባይቈጠር ኖሮ መድኃኒቱ ለማን ያህል እንደሚሠራ ሐኪሟ ሊነግሩኝ አይችሉም ነበር፤ እኔም ደግሞ በባዶ ተስፋ እፈርም ነበር።

ክኒኑ ሠራልኝ። በአራተኛው ወር ደም መቀበል አቆምሁ፤ ትምህርቴንም ጨርሼ በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር አገሬ ገባሁ። ፕላትሌቴ ባለፈው ምርመራ 94,000 ነበር። ዳነ ይባላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ተሻለው ማለቱ ይቀርባል። በየሦስት ወሩ ደሜን እሰጣለሁ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ያለችው ሌሊት ስምንት ዓመት ሙሉ አልለመደችኝም። በዚህ መንገድ ከታከሙት መካከል ከ100 ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት የሚሆኑት በዓመታት ውስጥ መቅኔአቸው ወደ ሌላ የከፋ የደም በሽታ ሊለወጥ ይችላል። ሥራ ቦታ ላይ መሰላል እወጣለሁ፤ ግን ከወጣት ባልደረቦቼ ኋላ። በሠርግ ላይ ጥሬ ሥጋ አልበላም። በመጀመሪያው ዓመት አንድ አጎቴ ይህን እንደ ኩራት ቈጥረውብኝ ነበር፤ ዛሬ እሳቸው ራሳቸው ሥጋዬን እስኪከስል ያስጠብሱልኛል። መድኃኒቱ ከገበያ በሚጠፋበት ወር ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ስፈልግ እከርማለሁ። በሕመሜ ጊዜ የስንት ሰው ደም እንደገባብኝ ለመቍጠር ሞክሬ ከ70 በኋላ ተውሁት። አንዳቸውንም አላውቃቸውም።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ የባዕድ አገር ወግ ነው» ትሉ ይሆናል። አይደለም። መድኃኒት በተለማመደ የሳንባ ነቀርሳ ላይ፣ የሃያ ወሩን ሕክምና ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አንድ ወር በሚፈጅ ለመተካት የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመው ሙከራ፣ ከቬትናም፣ ከሞንጎሊያና ከደቡብ አፍሪካ ጋር በኢትዮጵያም ተካሂዷል። አጭሩ ሕክምና ከረጅሙ አለማነሱን ያስመሰከሩት 424 ሰዎች ናቸው፤ የአገራችን ሰዎችም በመካከላቸው አሉ። ስማቸውን ማንም አያውቀውም፤ ምናልባት የራሳቸውን ሙከራ ውጤት ያነበበላቸውም የለም። በበኩሌ ትልቁ ጕድለት ይህ ይመስለኛል። ሰውን አስፈርሞ መጨረሻውን ሳይነግሩት መቅረት፣ ኪዩቡን ሰብሮ ውጤቱን ለሠሪው አለማሳየት ነው።

የእኔ ሙከራ ውጤት በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ በእነሱ አቈጣጠር በ2022 መግቢያ፣ ታተመ። 197 ሰዎች፤ 101 ያለ ክኒኑ፣ 96 ከክኒኑ ጋር። በሦስተኛው ወር ደማቸው ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ከ100 10 እና 22፤ በስድስተኛው ወር የተሻሻለላቸው ከ100 41 እና 68። ክኒኑ ይጠቅማል። ጥያቄው ተመለሰ።

ወረቀቱን አትሜ እናቴ ቤት ይዤ ሄድሁ። ሠንጠረዡን በአማርኛ ተረጐምሁላት። «አንተ የቱ ጋ ነህ?» አለችኝ። ከ101ዱ መካከል፣ መልስ ካላገኙት ጋር መሆኔን በጣቴ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችው። ስለ አናጢው ነግሬያት ነበርና፣ «እኒያ ሽማግሌስ?» አለች። በ96ቱ ውስጥ ናቸው አልኋት። ክኒኑ የደረሳቸው ሰው ቢሞቱም ከወገናቸው አይሰረዙም፤ የተሰበረውን እየጣሉ የቀረውን ብቻ ቢቈጥሩ ኖሮ ክኒኑ ከሆነው በላይ የሠራ ይመስል ነበር ብዬ አስረዳኋት። ይህኛውን የተከተለችው አልመሰለኝም። መነጽሯን አውልቃ ስማቸውን ጠየቀችኝ። ነገርኋት። የባዕድ ስም ስለሆነ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና በጸሎት መጽሐፏ የኋላ ገጽ ላይ፣ ከአባቴ ስም በታች፣ ጻፈችው።